የአቶ አምኃ ክንድ

ሆስፒታል ተኝቶ የወጣ ሰው ሁሉ አንድ አስታማሚ አይረሳም። የራሱን አይደለም፤ የጎረቤት አልጋውን ነው። ይህ ሰው በመጀመሪያው ቀን ወንበር ፍለጋ ይዞራል። በሁለተኛው ቀን የተረኞቹን ሁሉ ስም ያውቃል። በሦስተኛው ቀን ግሉኮስ ሊያልቅ ሲል ከነርሷ ቀድሞ ይጮኻል፤ በአራተኛው ቀን ዋርዱ የሱ ነው። ዶክተር ሲገባ ብድግ ይላል፣ አነሣሡ ግን እንግዳ እንደሚቀበል የቤት ባለቤት ነው። ዳይሬክተር ይሾማል፣ ዳይሬክተር ይሻራል፤ እሱ ግን ከየዋርዱ አይታጣም።

ሲስተር ሚልካ እንዲህ ያሉትን ብዙ አይታለች። ጉለሌ ውስጥ፣ መስኮቱ ወደ እንጦጦ በሚያይ አንድ የአጥንት ዋርድ ስድስት ዓመት ሠርታለችና መፍራቱንም መሸሹንም ታውቅበታለች። እንደ ክቡርነታቸው እንደ አቶ አምኃ ያለ ግን ገጥሟት አያውቅም።

አቶ አምኃ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ናቸው። ቀጭን፣ አንገታቸው መዘዝ ያለ፣ ሲናገሩ እጃቸው ሳያውቁት ወዲያና ወዲህ የሚል ሰው ናቸው። ሠላሳ ስምንት ዓመት መወርወሪያ የወረወረ እጅ አርፎ መቀመጥ አይሆንለትም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ባለቤታቸውን ወይዘሮ ፀጋን ሚኒባስ ውስጥ አጋድመው አመጧቸው። ወይዘሮዋ ደጃፋቸው ላይ ካለው ደረጃ ተንሸራተው የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሯል።

የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ቤዛብሕ የራጁን ፎቶ ወደ ብርሃኑ ዘርግተው አዩትና፣ "በኦፕራሲዮን ይያዛል" አሉ። "ግን ስኳራቸው በጣም ወጥቷል፤ መጀመሪያ እሱ ይውረድ። ከዚያ በኋላ ቶሎ መሠራት አለባቸው። በዚህ ዕድሜ አልጋ ላይ የሚያልፍ ቀን ሁሉ ከእግር ነው የሚቀነሰው። ቶሎ ከተሠሩ ይራመዳሉ። ከዘገየ ግን ቃል አልገባም።"

"ቶሎ ማለት ልኩ ስንት ነው?" አሉ አቶ አምኃ።

"ቶሎ ነዋ፣ አባቴ! ቶሎ ማለት ቶሎ ነው።"

"እሱስ ገባኝ። ልኩን ነው የጠየቅኩዎት።"

ዶክተሩ ሌላ በሽተኛ ይጠብቃቸው ነበርና ሄዱ። አቶ አምኃ ደግሞ ከኮታቸው ኪስ አንድ ድውር ነጭ ክር አወጡ፤ ጫፉን ከስድስት ቁጥር አልጋ ብረት ጋር አሰሩት። ያ ዋርድ ከዚያች ደቂቃ በኋላ እንደ ድሮው ሆኖ አያውቅም።

የሸማኔው ሒሳብ እንዲህ ነው። አንድ ሰዓት አንድ ጣት። ሃያ አራት ጣት ሲሞላ አንድ ክንድ፤ አንድ ቀን ከነሌሊቱ ማለት ነው። በዚያ ነጭ ክር ላይ ስልካቸውን እያዩ ባለቀለም ክር ይቋጥራሉ። የሕመም ማስታገሻ ሲሰጥ ቀይ፣ በሽተኛዋ ስትገላበጥ አረንጓዴ፣ ምግብና ውሃ ሲቀርብ ቢጫ፣ ሐኪም መጥቶ ሲያይ ሰማያዊ። ሰማያዊው ድውር ብዙም አልተነካም።

ሚልካም የምትለካ ሰው ነች። ከስድስት ወር በፊት ከመርፌና ከፋሻ አንሥተው ታብሌት ሰጥተዋታል። ዳሌያቸው የተሰበረ ሰዎች ምን ያህል ደኅና እንደሚታከሙ የሚመዘንበት ፎርም አለ፤ ሠላሳ አንድ ጥያቄ ነው። መቼ ገቡ? ሕመማቸው ተጠይቋል? ስንት ሰዓት ጠብቀው ተሠሩ? በማግስቱ ቆመዋል? የአልጋ ቁስል አውጥተዋል? ከሁሉ የሚበልጠው የጥበቃው ሰዓት ነው፤ ከአርባ ስምንት ማለፍ የለበትም። ሚልካ ፎርሟን ትወዳለች። ሁሉም ነገር "አዎ" ወይም "አይደለም" የሆነበት ዓለም ደስ ይላታል።

"ወይዘሮ ፀጋ ከወደቁ በኋላ ስንት ጊዜ ቆይተው መጡ?" ብላ ጠየቀቻቸው።

"ያኑ ዕለት" አሉ አቶ አምኃ ክራቸውን እየጠቀለሉ።

ያኑ ዕለት ብላ ሞላችው።

በማግስቱ ጠብ ተጀመረ። ነርስ ሐብታሙ ደግ ልጅ ነው፣ ጉልበቱም አይታማም፤ ግን አሥራ አራት በሽተኛ ብቻውን ይዟል። በሽተኛ በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጣል የሚለውን ቻርት ተረኝነቱ ሲያልቅ ባንድ ትንፋሽ ከላይ እስከ ታች ይፈርመዋል።

"ወንድሜ፣" አሉት አቶ አምኃ ክሩን በሁለት ጣታቸው ይዘው፣ "ከአራት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት አረንጓዴ የለም።"

"የምን አረንጓዴ?"

"ማገላበጥ አረንጓዴ ነው።"

"አባቴ፣ ቻርቱ ላይ ተፈርሟል እኮ!"

"እንግዲያው የተገላበጠው ቻርቱ ነዋ።"

ዋርዱ ሙሉ ሳቀ። ዳሌው የተሰበረ ሰው ሲስቅ ያመዋልና ግማሹ እየሳቀ "ወይኔ" ይል ነበር። ሐብታሙ ተቆጥቶ ወጣ፤ በር ላይ ጓንቱን ወረወረ። ጥቂት ቆይቶ ግን ተመልሶ መጥቶ ወይዘሮ ፀጋን ቀስ አድርጎ አገላበጠና ክንዱን አጣምሮ ቆመ። "በል እሰርልኝ አረንጓዴዬን!" አለ፣ አንቱታውንም በንዴት ረስቶት። አቶ አምኃ አሰሩለት። ከዚያ ወዲህ ልጁ ቻርት ከመፈረሙ በፊት ክር ያያል።

ዶክተር ቤዛብሕም አላመለጡ። ሰኞ ጠዋት ተማሪዎቻቸውን አስከትለው ራውንድ ሲመጡ ክሩን አዩና፣ "ይሄ ምንድን ነው?" አሉ።

"የታከመችበት ነው። ይቺ ሰማያዊ የእርስዎ ናት፤ በሁለት ክንድ ውስጥ አንዲት ናት።"

አንዷ ተማሪ ፊቷን በደብተር ሸፈነች። ዶክተሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው ስለ ስኳር አወሩ። ማክሰኞ ሁለት ጊዜ መጡ። አቶ አምኃም ሁለቱንም ሳያጓድሉ አሰሩላቸው።

ጠዋት ጠዋት ጉም ከእንጦጦ ወርዶ መስኮቱን ያለብሰዋል። ባሕር ዛፉ ይሸታል። ከቁስቋም በኩል የቅዳሴ ድምፅ ቀስ ብሎ ይመጣና መልሶ ይጠፋል። ያን ሰዓት በሽተኛው ተኝቷል ወይም ነቅቷል ማለት አይቻልም። ሚልካ ሥራ ስትገባ ባልና ሚስቱን ሁልጊዜ በሹክሹክታ ሲያወሩ ታገኛቸዋለች።

"ዛሬስ እስከ የት ሄድሽ?" ይላሉ አቶ አምኃ።

"ዛሬ ሩቅ ነው የሄድኩት" ይላሉ ወይዘሮ ፀጋ፣ ዓይናቸው እንደተከደነ። "ቁልቁለቱን ወርጄ ጥጥ ገዛሁ። ሽቅቡንም አልደከመኝም። ነጠላዬ ብቻ እየወደቀ አስቸገረኝ። ደግሞ መንገዱ ላይ ማንም የለም፣ ሱቁ ሁሉ ክፍት ነው፣ ልብሱ ተሰቅሎ ንፋስ ያንቀሳቅሰዋል።"

"እኔስ የት ነበርኩ?"

"አንተማ ቤት ሆነህ ትሸምናለህ፤ ድምፅህን እሰማለሁ።"

ሴትዮዋ በሕልማቸው ይራመዳሉ። አቶ አምኃ ለዚህም ቀለም አግኝተውለታል፤ በነጭ ላይ ነጭ ክር ይቋጥራሉ፣ በቅርብ ካላዩት አይታይም። ሚልካ አንድ ጠዋት ይህን ስታይ ፎርሟን ከላይ እስከ ታች አየችው። በሠላሳ አንዱ ጥያቄ ውስጥ በሽተኛዋ ሌሊቱን እስከ የት ሄደች የሚል የለም።

እስከ ሐሙስ ድረስ ሰባት አልጋ ክር አወጣ። መጀመሪያ ከቀጨኔ የመጡት አባባ ኑሕ "ለኔም እሰርልኝ" አሉ። ቀጥሎ የእትዬ ዘሀራ ልጅ መጣች። መስኮቱ ሲከፈት ክሩ ሁሉ ባንድ ላይ ይወዛወዛል፣ የከሰዓቱ ብርሃን ቀዩንና አረንጓዴውን ግድግዳው ላይ ይጥለዋል፣ በሽተኛው አፉን ከፍቶ ያያል። ጽዳት ሠራተኞቹ እንኳ ክሩን ገለጥ አድርገው ነው የሚያልፉት። አቶ አምኃ በመሐል እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው ይመላለሳሉ። "ልኩ ስንት ነው?" የምትለዋ ቃላቸውም የዋርዱ ሰላምታ ሆነች።

ያው ሐሙስ የወይዘሮ ፀጋ ስኳር ወረደ። አቶ አምኃ ሊጨፍሩ ምንም አልቀራቸውም ነበር። ግን ስኳሩ የወረደው የዕለቱ ኦፕራሲዮን ተራ ከሞላ በኋላ ነው። የዳሌ ቀን ማክሰኞና ሐሙስ ብቻ ነው።

"እና መቼ ነው?" አሉ።

"ማክሰኞ" አለች ሚልካ።

አቶ አምኃ እጃቸውን ዘርግተው አምስት ክንድ ባዶ አየር ለኩ። "አምስት ክንድ! እግሯ ነው እኮ የሚቀነሰው። ቅዳሜስ? ቅዳሜ የኦፕራሲዮኑ ክፍል ተዘግቶ አይቻለሁ።"

"ዶክተር ቤዛብሕ ቅዳሜም ለዳሌ ይከፈትልን ብለው ጠይቀው ነበር። አስተዳደሩ አያስፈልግም አለ። በሪፖርቱ መሠረት በሽተኞቻችን በጊዜው እየተሠሩ ነው።"

"ሪፖርቱን ማን ጻፈው?"

"እኔ" አለች ሚልካ፤ ትንሽም ኮራ ብላ ነበር። ዘጠና አንድ በሽተኛ መዝግባለች። ከመቶ እጅ ስልሳ ስምንቱ ከአርባ ስምንት ሰዓት በፊት ተሠርተዋል። በማግስቱ ዓርብ ጠዋት ዳይሬክተሯ ባሉበት ስብሰባ ላይ ራሷ ልታቀርበው ነው። እናቷም በቤተ ክርስቲያን ጸሎት አስይዘውላታል።

"ኑሕ ዛሬ ተሠራ" አሉ አቶ አምኃ። "ያንቺ ፎርም ስንት ጠበቀ ይላል?"

ታብሌቱን አየች። "አርባ ሰባት ሰዓት።"

"የኔ ሁለት ክንድ ከአምስት ጣት ይላል።"

አሰበችው። ሃምሳ ሦስት ነው። "ዘሀራስ?" አሉ። ፎርሙ ሃያ አራት ይላል፤ ክሩ አንድ ክንድ ከስድስት ጣት። ሠላሳ ማለት ነው። ልዩነቱ በዚያም ስድስት፣ በዚህም ስድስት።

ሚልካ ሁለቱ ሰዓቶች ከየት እንደሚመጡ አሰበች። ድንገተኛ ክፍል በሽተኛ ሲገባ ሰዓቱን የሚመዘግበው ኮምፒውተሩ ራሱ ነው፤ በፈረንጅ ሰዓት። የኦፕራሲዮን ክፍሉ መዝገብ ግን በእጅ የሚጻፍ ነው። እዚያ አራት ሰዓት ከተባለ እንደማንኛችንም የረፋዱ አራት ሰዓት ነው። ሚልካ አራትን አራት ብላ ነው የምታስገባው። ኮምፒውተሩ ደግሞ ገና ወፍ ያልተንጫጫበት የፈረንጅ አራት ሰዓት ያደርገዋል። በሽተኛው ሁሉ ስድስት ስድስት ሰዓት ቀድሞ ተሠርቷል! ባለፈው ወር አንድ ሰውዬ ሳይገባ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ተሠርቶ ተገኝቶ ነበር። ሚልካ የመግቢያው ሰዓት ስህተት ነው ብላ አስተካክላዋለች። አወይ ማስተካከል!

"ምን አገኘሽ፣ ልጄ?" አሉ አቶ አምኃ።

እውነቱን መናገር ነበረባት። የነገው ስብሰባ፣ ዳይሬክተሯ፣ የእናቷ ጸሎት ባንድ ጊዜ መጡባት። "የእርስዎ ክር ነው የተሳሳተው" አለች። "እ... ማለቴ፣ ጣት ልክ አይሆንም። ጣትዎ ቀጭን ነው።"

አቶ አምኃ ጣታቸውን አዩት። ይከራከራሉ ብላ ተዘጋጅታ ነበር፤ አልተከራከሩም። ወደ መስኮቱ ሄዱ፤ ኮታቸውን አውልቀው ጣታቸውን በክንዳቸው ላይ አንድ በአንድ እያኖሩ መቁጠር ጀመሩ። ሃያ አራት ሲደርሱ እንደገና ከአንድ ጀመሩ። ሚልካ ቦርሳዋን ይዛ ስትወጣ ሲያጉተመትሙ ሰማቻቸው። "ሠላሳ ስምንት ዓመት በዚህ ክንድ ነው የሸጥኩት። ስንቱን ሰው በድዬ ይሆን?"

ያን ለት በታክሲ ቤቷ ገባች፤ ራቷም እንቅልፏም አላማራትም። ዋሽታ ታውቃለች፤ ማን አይዋሽም? ግን አንድ ሽማግሌ በገዛ ክንዱ ላይ እምነት እንዲያጣ አድርጋ አታውቅም።

ዓርብ ጠዋት ጉሙ ገና ሳይነሣ መጣች። አቶ አምኃ ሚስታቸው እግር ሥር ተቀምጠዋል። የስድስት ቁጥሩ ክር ከብረቱ ተፈትቶ ጉልበታቸው ላይ ተጠቅልሏል።

"ለምን ፈቱት?"

"የተሳሳተ ልክ ተሰቅሎ አይውልም።"

"አቶ አምኃ፣ ክርዎ ልክ ነው" አለች። እንባዋ ቀደማት። "የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ትናንት ዋሸሁዎት። ስለ ስድስቱ ሰዓት ሁሉንም ልንገርዎት።" ነገረቻቸው።

ሚልካ ስድባቸውን ትጠብቅ ነበር፤ መሳደብ መብታቸው ነው። እሳቸው ግን እጃቸውን ወደ ደረት ኪሳቸው ሰደዱና ሌላ ክር አወጡ። ቋጠሮ የሌለበት፣ ባዶ ክር ነው።

"ያኑ ዕለት ብዬሽ ነበር። አይደለም" አሉ። "የወደቀችው ሐሙስ ነው። ሁለት ክንድ ከስምንት ጣት ቤት አስተኝቻታለሁ። ወጌሻ ያሸዋል አልኩ። እያሸ ስትጮኽ እጇን ይዤ ቁጭ ብያለሁ። እናንተን ስለካ የከረምኩት ይቺን ላለመለካት ነው። አሁን ጻፊው፤ ሁለት ክንድ ከስምንት ጣት፣ በአምኃ።"

"በአምኃ ብቻ አትጻፊው" የሚል ድምፅ መጣ። ወይዘሮ ፀጋ ዓይናቸውን ሳይከፍቱ ነው የተናገሩት። "ሐኪም ቤት አልሄድም ብዬ የበሩን መቃን የያዝኩት እኔ ነኝ። ወጌሻውንም ያስጠራሁት እኔ። ግማሹን በኔ ጻፊው። ይሄ ሰው ሁሉን ለብቻው መውሰድ ይወዳል።"

ፎርሙ ግማሽ የሚጻፍበት ቦታ የለውም። ሚልካ ሃምሳ ስድስት ሰዓት ብላ ሞላችና ወደ ስብሰባው ሄደች።

ስብሰባው ውስጥ የሆነውን በአጭሩ እንንገረው፤ ሚልካም ደግማ ልታስበው አትወድም። ብድግ ብላ ቆመች፤ ስልሳ ስምንት የተባለው አርባ ዘጠኝ መሆኑን ተናገረች። ጥፋቱም የኔ ነው አለች። ዳይሬክተሯ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ዶክተር ቤዛብሕ ደግሞ፣ "ስድስት ወር ሙሉ ቅዳሜ ክፈቱልን ስል የከለከለኝ ይሄ ቁጥር ነው?" አሉ፤ ድምፃቸው ኮሪደር ድረስ ተሰማ። ከዚያ ወደ ሚልካ ዞሩና፣ "ማን አገኘው?" ሲሉ ጠየቁ።

"የስድስት ቁጥር አስታማሚ። በክር።"

ማንም አልሳቀም። ሚልካ ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት፤ ፋይሏ ውስጥ ዛሬም አለ። ቅዳሜም ለዳሌ ተከፈተ። የመጀመሪያዋ ባለተራ ወይዘሮ ፀጋ ናቸው።

ኦፕራሲዮኑ ደኅና ወጣ። ግን ደኅና መውጣትና መራመድ የተለያየ ነው፤ ይህን ዋርዱ ሁሉ ያውቃል። እሑድ ጠዋት ማንም ቁርሱን አልነካም። ሐብታሙ ዕረፍቱን ትቶ መራመጃ ብረቱን ይዞ መጣ። ጉሙ መስኮቱ ላይ ገና አለ፤ ሁሉም ሰው ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው። አቶ አምኃ ከግድግዳው ተጣብቀዋል። ያ ሁሉ የሚወራጭ እጅ ሁለት ጎናቸው ላይ ቀጥ ብሎ ወርዷል። ሚልካ አሻግራ አየቻቸው። በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ይሄዳሉ፤ ማንም ተከትሏት "ልኩ ስንት ነው?" አይላትም። ደስ ሊላት ይገባ ነበር።

ወይዘሮ ፀጋ ተነሡ። እግራቸው ተንቀጠቀጠ። ሐብታሙ ከብብታቸው ያዛቸው። ቆሙ!

"አንተ ሰውዬ" አሉ ወይዘሮ ፀጋ ትንፋሻቸውን እየዋጡ፣ "ምን እዚያ ዳር ትቆማለህ? ና ያዘኝ እንጂ።"

"ልጁ ይዞሻል እኮ።"

"እሱ የያዘኝ ለሥራው ነው። አንተ ና።"

አቶ አምኃ መጥተው እጃቸውን ሰጧቸው። ሁለቱ አዛውንቶች አንድ እርምጃ ሄዱ፣ ቆሙ፣ ሌላም ጨመሩ። ሚልካ ታብሌቷ ላይ "በማግስቱ ቆመዋል?" ከሚለው ፊት ያለውን "አዎ"ን ለመንካት ሦስት ጊዜ ሳተች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ አላሳያት ብሎ ነበር።